የአያ ይግዛው ሰላጣና የእትዬ የሺወርቅ ጠላ

«እበት ቆሻሻ ነው ያለህ ማነው? ስሙን ንገረኝ። እኔ እበት በተለቀለቀ ቤት ተወልጄ፣ እበት በተለቀለቀ አውድማ የተወቃ እህል በልቼ፣ እበት በተመረገ ጎተራ የከረመ ገብስ ቆርጥሜ ነው ለዚህ የደረስኩት። ዛሬ አንተ ተነስተህ እበት ሰው ፈጀ ልትለኝ ነው?»

አያ ይግዛው ናቸው እንዲህ የሚጮሁት። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነኝ፣ እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ፣ ከእግራቸው ስር የሰላጣ መደባቸው። በአንድ እጄ አጥሩን ይዣለሁ፣ በአንዱ ሆዴን።

«ፈጀ አላልኩም አያ ይግዛው። አስሮጠ ነው ያልኩት።»

«ጠላው ነው። አገር ምድሩ ጠላው ነው እያለ አይደለም እንዴ?»

«ጠላውን ማን ጠመቀው?»

ዞር ብለው ወደ ቤታቸው በር አዩ። በሩ ላይ ማንም የለም። ያን ሁሉ ጩኸት ዋጥ አደረጉና በሹክሹክታ፣ «ዋ፣ አፍህን ዝጋ» አሉኝ።

ጠላውን የጠመቀችው ሚስታቸው እትዬ የሺወርቅ ነች።

አያ ይግዛውን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። ብዙ ዘመን ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ጨነቅ በሚባለው ሰፈር፣ በቅሎ ጫኝ ነበሩ። የቱሪስት ድንኳን፣ የቱሪስት ድስት፣ አንዳንዴም ጉልበቱ የከዳው ቱሪስት ራሱን በበቅሎ ጭነው ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ነው ጉልምስናቸው ያለፈው። እንግሊዝኛቸው «ስሎሊ ስሎሊ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ነው፤ ሁለቱንም እየሳቁ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ነው የሚናገሩት። ጦርነቱ መጥቶ ቱሪስቱ ሲቀር በቅሎዎቹን ሸጡ፣ አንዲት አሮጊት በቅሎ አስቀሩ፣ ከጓሯቸው አትክልት ጀመሩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰላጣ። «ፈረንጅ ምን እንደሚበላ እኔን ጠይቁኝ፤ ድስቱን የተሸከምኩለት እኔ ነኝ» ይላሉ።

ኩሩ ሰው ናቸው። ሲራመዱ አውራ ጣታቸውን ቀበቷቸው ውስጥ ከትተው፣ ደረታቸውን አስቀድመው፣ በቅሎዋን ከኋላ የሚስቡ ይመስል ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብለው ነው። በቅሎ የሌለች ዕለትም እንደዚያው ነው። ያን አረማመድ እኔ ባጃጅ ተራው ላይ ስሄደው ሾፌሩ ሁሉ በሳቅ መሪ ላይ ይደፋል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ሙያዬ ባጃጅ መንዳትና ይሄው ሰው አስመስሎ ማሳቅ ነው።

አሁን የእበቱን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ እበት የሴት ነው። በሬውን የሚገዛው፣ የሚያርስበት፣ የሚሸጠው ወንዱ ነው፤ ከበሬው የሚወድቀው ግን የእመቤቲቱ ነው። ጠዋት በረት ትገባለች፣ በእጇ ታፍሳለች፣ ከገለባ ጋር ለውሳ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ሲደርቅ ኩበት ይሆናል፤ ክረምቱን የምትነደው እሱን ነው። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ሰው ኩበት ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም። ባል የሚስቱን እበት ቢነካ ከሌማቷ እንደ ሰረቀ ነው የሚቆጠረው።

ለአትክልት ደግሞ እበት ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ናዝራዊት የምትባል የግብርና ባለሙያ ገበሬውን ሰብስባ አስተምራ ነበር። እበቱ ከገለባና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ይከመር፣ ይሸፈን፣ ይገላበጥ፣ እስኪበስል ወራት ይቆይ ብላለች። አያ ይግዛው ሰምተዋል። አልረሱም። ግን እሳቸው ቤት ክምር ብሎ ነገር አይሆንም፤ ክምሩ ሳይበስል እትዬ የሺወርቅ ታየዋለች፣ ካየችው ደግሞ በማግስቱ ግድግዳ ላይ ነው። እሷን ቁጭ አድርጎ «ከእበትሽ አካፍይኝ» ማለት ደግሞ ለሳቸው አይሆንላቸውም። ጨነቅን በእግሩ የሰነጠቀ ሰው ሚስቱን እበት ሊለምን?

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ፣ እሷ ጸሎቷን ሳትጨርስ፣ ቀስ ብለው በረት ይገባሉ። ትኩሱን ያፍሳሉ። ከበቅሎዋ ፋንድያ ጋር በርሜል ውስጥ ይከቱታል፣ ውኃ ይጨምራሉ፣ በዱላ ያማስላሉ። ከዚያ በጣሳ እየቀዱ ሰላጣው ላይ። ስሩ ላይ አይደለም፣ ከላይ፣ ቅጠሉ ላይ። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ስንቴ አይቻቸዋለሁ። ጣሳውን ከፍ አድርገው ሲያርከፈክፉ ጠበል የሚረጩ ነው የሚመስሉት።

የመጋቢት ሚካኤል ማኅበር ተረኛ እሳቸው ነበሩ። ቀኑ ቅዳሜ ዋለ፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። እትዬ የሺወርቅ ጠላውን ጠመቀች። የሷን ጠላ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ሰፈሩ ሰርግ ካለበት «ጌሾውን የሺወርቅ ትለካው» ተብላ ትጠራለች፤ የጠመቀ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለሷ ነው የሚያስቀምሰው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ዘመድም የላትም፣ ከዳባት ብቻዋን ተድራ የመጣች ናት። ስሟ ጠላዋ ነው፤ ሌላ ስም የላትም።

አያ ይግዛው ግን የዛን ዕለት ሰው ስለ ጠላው ሳይሆን ስለ ሰላጣቸው እንዲያወራ ፈለጉ። ማኅበር ላይ ሰላጣ ያቀረበ ሰው በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሁን ብለው ሳምንቱን ሙሉ በርሜሉን አዘወተሩ። ቅዳሜ ጠዋት አጨዱት፣ አንዴ ውኃ ውስጥ ነከር አደረጉት፣ በቲማቲም፣ በቃሪያና በሎሚ አሹት፣ በትልቅ ትሪ አቀረቡት።

ሰው መጀመሪያ አመነታ። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው የደፈሩት፣ የብዙዎቻችን የንስሐ አባት። አንድ ጉርሻ ጎረሱና፣ «ይግዛው፣ ይሄ ነገር ለካ ይበላል» አሉ። ከዚያ በኋላ ትሪው አልበቃም። አያ ይግዛው ራሳቸው አልቀመሱም፤ ቆመው ሲያጎርሱና ሲመሰገኑ ዋሉ። እትዬ የሺወርቅም ጓዳ ነበረች። እኔ ላጤ ነኝ፣ ማኅበርተኛ አይደለሁም፣ ግን ትራፊ ሲደርሰኝ እምቢ ማለት አልለመድኩም። የትሪውን ስር በእንጀራ ጠርጌ በላሁ። ጠላው አልቆ ነበር።

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርም። ሰፈራችን ያሉት መጸዳጃ ቤቶች ለሰው አልበቁም።

በማግስቱ እሁድ ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ቀዳሽ ነበሩ። ሆዱ የሚሮጥ ቄስ ደግሞ መቅደስ አይገባም፣ ሥርዓቱ ነው። ማኅበርተኛው ዲያቆንም እንደዚያው። ቅዳሴ ከአምስት ባነሰ ልዑክ አይቀደስም። ደወሉ ተደውሏል፣ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፣ ቀዳሽ የለም። ከሌላ ደብር ካህን ተለምኖ እስኪመጣ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ከሕዝቡ ጋር ውጭ፣ ጥድ ስር ተቀምጠው አስቀደሱ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እሳቸውን በቅዳሴ ሰዓት ከመጋረጃው ውጭ አይቻቸው አላውቅም። ሰው ሁሉ ያያቸዋል፣ እሳቸው መሬቱን ያያሉ።

ከቅዳሴ መልስ አቶ ቻላቸው ተናገረ። አቶ ቻላቸው የማኅበሩ ሹም ነው፣ ሙሴ ነው የምንለው። የሚናገረው በአፍንጫው ነው፤ የተናገረው ሁሉ የተፈረደ ይመስላል። «እኔ እንግዲህ ሰው አላማም» አለ፣ «ግን ጠላው አልወጣለትም ነበር።»

አለቀ። በርሜሉን ያየ የለም፣ ሰላጣው ሲያዩት ያምራል፤ ማኅበር ላይ ሰው ሲታመም የሚጠረጠረው ሁልጊዜ ጠላ ነው።

አጥሩ ላይ የተጣላነው ታዲያ የዛን ዕለት ከሰዓት ነው።

«አያ ይግዛው» አልኳቸው፣ «አውድማው ላይ ያለው እበት በፀሐይ ደርቋል። ደግሞ አውድማውን ማን በላው? ይሄን ግን በሎሚ ነው የበላነው።»

«አንተ ደግሞ ተምረህ ሞተሃል።»

«ተምሬ አይደለም፣ ሮጬ ነው ያወቅሁት። እኔ ጠላ አልደረሰኝም። ሰላጣ ብቻ ነው የበላሁት።»

ይሄን ሲሰሙ ደረታቸው ገባ። መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ውስጡን አዩ፣ መልሰው አደረጉ።

«ለእትዬ የሺወርቅ ይንገሯት» አልኩ።

«ምን ብዬ? ማገዶሽን ሰርቄ ለቄሱ አበላሁልሽ ልበላት?»

እንዲያ ሲባል እውነትም ከባድ ነው።

«ወሬ ነው» አሉ። «ሳምንት አይቆይም።»

ቆየ። ከፋሲካ በኋላ ለሚደገስ ሰርግ ጠላ ጠማቂ ተብላ የተነገራት እትዬ የሺወርቅ ነበረች፤ «ዘንድሮ አንቺ ረፍት አድርጊ» አሏት። በጣፋጭ አነጋገር ነው ያሏት፣ እሱ ነው የሚያቃጥለው። ጋኗን በግራዋ ቅጠል አጠበች። በወይራ አጠነች። መልሳ አጠበች። ጥንስሱን ደፋች፣ አዲስ ጌሾ ገዛች፣ ብቅሉን ፀሐይ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ለቀመች። እጇ በግራዋው ብዛት ተላጠ። ሰርጉ ቀርቶባት አይደለም፤ ምን እንዳጠፋች ነው የምትፈልገው፣ ያላጠፋችውን።

አንድ ቀን ጋኑን ደፍታ እያጠበች በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። እሷን አንቺ ነው የምላት፤ «አንቱ ብለህ አታስረጀኝ» ብላ ራሷ ከልክላኛለች።

«ያርጋል፣ አንተም ታመህ ነበር አሉ። ጠላዬ ምን ምን ይላል? አትፈር፣ ንገረኝ።»

«እኔ ጠላ አልደረሰኝም እትዬ።»

እጇ ጋኑ ላይ ቆመ። «ታዲያ ምን አሳመመህ?»

አያ ይግዛው ከኋላዋ ካሮት ይኮተኩታሉ። መኮትኮታቸውን አቆሙ።

«ባልሽን ጠይቂያቸው» አልኩ።

ዞረች። ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ «ብርድ ነው» አሏት። «ልጁ ባጃጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፣ ብርድ መትቶት ነው።»

«ይሆናል» አለችና ወደ ጋኗ ተመለሰች። እሳቸው ኩትኮታውን ቀጠሉ። ሦስት አራት ካሮት ከነስሩ ቆረጡ፣ አላዩትም።

በዚያው ሰሞን ናዝራዊት መጣች። ሰፈሩ ታሞ ነበር ሲባል ሰምታ አትክልት ያለበትን ጓሮ ሁሉ እየዞረች ነው። እትዬ የሺወርቅ ወፍጮ ሄዳለች። ናዝራዊትን ለመምሰል ሦስት ቃል ተናግሮ አንዴ «ሃይጂን» ማለት ይበቃል፤ የዛን ቀን ግን አላሳቀችኝም። በርሜሉን ከፍታ አየች።

«ይሄ ምንድነው አያ ይግዛው?»

«እሱ? የበቅሎዋ ነው።»

«በቅሎዋ ይሄን ትጠጣለች?»

አያ ይግዛው ስለ በቅሎ የማይመልሱት ጥያቄ ሲገጥማቸው ሳይ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ይሻላቸው ነበር። «እበቱ መጥፎ ነው አላልኩም» አለች። «ግን ከከብቱ ሆድ በዓይን የማይታይ ነገር ይዞ ይወጣል። ከብቱን ምንም አያደርገው፣ ሰውን ይጥላል። የክምሩ ጥቅም ሙቀቱ ነው፤ መሃሉ እጅ እስኪያስመልስ ሲግል ያ ነገር ይሞታል። ዳር ዳሩ ስለማይግል ዳሩን ወደ መሃል እያገላበጡ ነው። ከዚያ ዝም ብለው ይተውታል፣ እስኪጠቁር፣ አፈር አፈር እስኪሸት፣ ሦስት አራት ወር። ያኔም አፈር ውስጥ ነው የሚገባው እንጂ ቅጠል ላይ አይደለም። ትኩሱን የግድ ካሉ ደግሞ መሬቱ ባዶ ሳለ ይቅበሩት፤ ከዚያ መሬት በጥሬው የሚበላ ነገር ለአራት ወር አይልቀሙ። የውሻና የድመት ጭራሽ አይግባ።»

«ነግረሽን ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ነግሬያችሁ ነበር። ታዲያ ለምን?»

ወደ ግድግዳው አዩ። ግድግዳው ላይ የእትዬ የሺወርቅ ኩበት ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ላይ የእጇ ጣት ታትሞ። ናዝራዊት ስትሄድ በርሜሉን ጉድጓድ ቆፍረው ደፉት፣ አፈር መለሱበት። ሰላጣውንም ነቅለው አብረው ቀበሩት።

የሚያዝያ ሚካኤል ደረሰ። ማኅበሩ ሙሴው ቤት ነው፣ አቶ ቻላቸው ጋ። እኔ የለስላሳ ሳጥን በባጃጅ አድርሼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ማኅበር ላይ ለስላሳ የመጣው ለምን እንደሆነ ማንም አላለም፣ ሁሉም ያውቃል። እትዬ የሺወርቅ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ለማገዝ መጥታለች፤ ያን አንድ በአንድ የለቀመችውን ብቅል ጠምቃ፣ አጥልላ ይዛ መጥታለች። በጆግ ቀድታ ከጓዳ ወጣች።

የመጀመሪያው ሰው ብርጭቆውን በእጁ ከደነ። «ይብቃኝ የሺወርቅ።» አልቀመሰም እኮ፣ ምኑ ነው የሚበቃው? ሁለተኛዋ ሴትዮም መዳፏን ብርጭቆዋ አፍ ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ሌላ ሰው ዞራ እያወራች። ከዚያ በኋላ ጠየቀችም አልጠየቀችም፣ ወደ እያንዳንዱ ሰው ስትጠጋ እጅ ብርጭቆውን ይከድናል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ጆጉ እንደ ሞላ ክፍሉን ዞረች። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋ ደረሰች። እሳቸው በፍቅር አዩዋት፣ «ለስላሳ ይዣለሁ ልጄ» አሏት፣ ብርጭቆውንም አሳዩዋት።

አያ ይግዛው ቆሙ። አውራ ጣታቸው ቀበቷቸው ውስጥ አልነበረም።

«ሙሴ፣ አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገር» አለ አቶ ቻላቸው በአፍንጫው።

«ያኔ... ጠላው አይደለም። ሰላጣው ነው።»

«ሰላጣው ምን ሆኖ?»

«እበት አጠጥቼው ነበር።»

«እበት የማያጠጣ ማን አለ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ትኩሱን ነው። በውኃ በጥብጬ። ከላይ፣ ቅጠሉን። እስከ ዋዜማው ድረስ። ቅዳሜ አጭጄ አቀረብኩላችሁ።»

አቶ ቻላቸው ነገሩን ቀስ ብሎ አላመጠው። «ስለዚህ እኛ...»

«አዎ።»

«በሎሚ።»

«በሎሚ።»

አንዲት ሴት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ቤቱ ተከተላት። አያ ይግዛውም ሊስቁ ሞከሩ፣ አፋቸው አልታዘዘላቸውም። ሳቁ እዚያው ቢያልቅ ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ግን አልሳቁም።

«ይግዛው፣ መቼ ነው ያወቅኸው?»

ዛሬ፣ ትናንት፣ ናዝራዊት ነግራኝ ማለት ይችሉ ነበር። አጠገባቸው ብሆን እኔ ራሴ ሹክ እላቸው ነበር።

«እሁድ ዕለት» አሉ።

«የትኛው እሁድ?»

«እርስዎ ውጭ ሆነው ያስቀደሱበት።»

ሳቁ ጠፋ። ሰው ሁሉ ዞሮ እትዬ የሺወርቅን አየ። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ እያንዳንዱ በየልቡ ሲያስብ ይታየኛል፤ ጋኑን፣ ሰርጉን፣ አሁን ብርጭቆውን የከደነበትን የገዛ እጁን። እሷ ጆጉን ወለሉ መሃል አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም። ሰው በአደባባይ ልብሱ ሲቀደድበት የሚሆነውን ነው የሆነችው። ያጠፉት እሳቸው፣ ያፈረችው እሷ።

ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ለስላሳውን አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው ጆጉን አነሱ፣ ራሳቸው ቀዱ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት። ሌሎቹም እየተነሱ ቀዱ፣ ጆጉ አለቀ። እሷ ግን ይሄን አላየችም። በኋላ ባጃጄን አስነስቼ መንገድ ላይ ደረስኩባትና ነገርኳት፣ በቄሱ ድምፅ ሳይቀር።

«እዚያው እያለሁ ነበር መጠጣት» አለች። ባጃጁ ላይ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ ለባሏ ቃል አልተነፈሰችም። አያ ይግዛውም ገበያ ሲሄዱ በዋናው መንገድ መሄድ ተዉ፤ በመቃብሩ በኩል ዞረው ነው። ሰፈሩ «አያ ሎሚ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ስሙን ያወጣው ያርጋል ነው ይላሉ፣ አይደለሁም፤ ባወጣው ደስ ባለኝ። ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ ካሉት የቱሪስት ሎጆች ሰው ሰላጣ ሊጠይቅ ሲመጣ እሳቸው በረት ውስጥ ገብተው ተደበቁ፣ «የሉም» ያልኩት እኔ ነኝ።

ቤት ውስጥ እሷ የምትናገረው በኔ በኩል ነው። ሁለቱ አንድ ደጅ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ አጥር ማዶ። «ያርጋል፣ ለዚያ ሰውዬ ምሳው ተቀምጧል በለው።» እላቸዋለሁ፣ በሷ ድምፅ። «ለእመቤትህ እግዜር ይስጥልኝ በላት።» እላታለሁ፣ በሳቸው ድምፅ። አንዳንዴ በመካከል የራሴን እጨምርበታለሁ፤ «ናፍቃኛለች በላት ብለዋል» ብዬ ድንጋይ ተወርውሮብኛል። ከማን እንደተወረወረ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ከበረት ወጥታ እጇን እየታጠበች፣ «ያርጋል» አለች፣ «ለዚያ ሰውዬ፣ ከበረቱ በስተግራ የሚወድቀውን ይውሰድ በለው። በስተቀኝ ያለው የኔ ነው። እንደ ሌባ ጎህ ሲቀድ መግባቱን ይተው፣ በፀሐይ ይውሰድ።»

አያ ይግዛው ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቁ። ስትወጣ ገቡ፣ ሰው እያያቸው በስተግራ ያለውን ብቻ ዛቁ። በስተቀኝ ያለውን ዘለው ነው ያለፉት፣ ልብሳቸው እንኳ እንዳይነካው ሰብሰብ አድርገው።

ክምሩን ከውኃ መውረጃው ርቆ፣ ዝናብ አጥቦት ወደ ምንጩ እንዳይሄድ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሰሩት። ከስር ጭራሮ፣ ከላዩ ገለባ፣ እበት፣ ፋንድያ፣ አረም፣ ገለባ፣ እበት። በሣር ከደኑት። ከጨነቅ ዘመናቸው የተረፈ አንድ የድንኳን ካስማ ብረት ነበራቸው፤ እሱን መሃል ለመሃል ሰክተው ያቆዩና ነቅለው «ንካው» ይሉኛል። አንድ ቀን ነካሁት፣ ዘልዬ እጄን ነፋሁ። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ሲያገላብጡት በጠዋት ብርድ ይጨሳል። ክረምቱን ሸፍነው አሳለፉት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲከፍቱት እበት አልነበረም፤ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነገር ነው። ዝናቡ ሲያባራ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው ሰላጣ ተከሉበት። ውኃ ሲያጠጡ አሁን ተንበርክከው ነው፣ ስሩን ብቻ፣ ቅጠሉን በሌላ እጃቸው ወደ ጎን ይዘው። እጃቸውንም በሳሙና ሳይታጠቡ በር አይገቡም።

ጥቅምት ላይ ሰላጣው ጭብጥ አከለ። አጥሩን ተደግፈው፣ «ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል» አሉኝ። የኅዳር ሚካኤል ዓመታዊው ነው፣ አገሩ ሁሉ ያለበት።

«ይደርሳል። ማን ይበላዋል?»

«የሺወርቅ።»

ሳቅሁ። «እትዬ የሺወርቅ? ስምዎን እንኳ አልጠራችም እኮ።»

«በማኅበሩ ፊት፣ በገዛ እጇ አንስታ ትበላለች። እሷ ከበላች የሚፈራ የለም።»

«አትበላም።»

«ትበላለች። እንወራረድ።»

«እንወራረድ። የተሸነፈ ጆንያ ሙሉ የበግ በጠጥ ተሸክሞ በገበያ ቀን ገበያውን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። በዋናው መንገድ፣ በመቃብሩ በኩል የለም።»

ይሄ ለሳቸው ቀላል አይደለም። እጃቸውን በአጥሩ ቀዳዳ ሰደዱልኝ፣ ተጨባበጥን።

ትናንት ጠዋት እትዬ የሺወርቅ አትክልቱ ውስጥ ገባች። ከሚያዝያ ወዲህ እግሯ ረግጦት አያውቅም። እኔ ባጃጄን እያጠብኩ ነው፣ እሳቸው በረቱ በር ላይ አካፋ ይዘው፤ ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ቁጭ አለች። አፈሩን ዘግና አሸተተች። አንድ ቅጠል ገንጥላ ፊትና ጀርባውን አየች። ቧንቧው ጋ ሄዳ አጠበችው። ገልብጣ አጠበችው። አራገፈችው። ወደ አፏ አቅጣጫ ከፍ ያደረገችው መሰለኝ። እሷ ግን ለኅዳር ወደምታደልባት በግ ሄደችና አጎረሰቻት። በጓ አኝካ እስክትጨርስ ቆማ አየቻት።

ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ያርጋል፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው» አለች፣ «በጓን አያለሁ በለው።»

ገባች።

አያ ይግዛው አካፋቸውን ጥለው ወደ አጥሩ መጡ። «አየህ?»

«ምኑን አያለሁ? ለበግ ሰጠችው።»

«አጥባ ነው የሰጠችው። ለበግ ብላ ቅጠል የምታጥብ ሴት የት ታውቃለህ? ለራሷ ነበር ያጠበችው፣ መጨረሻ ላይ ነው የፈራችው።»

«ከፈራች ተሸንፈዋል።»

«ኅዳር አልደረሰም።»

«እኔም እሱን ነው የምለው፤ አልደረሰም። ጆንያውን ግን ያዘጋጁ።»

«አንተ አዘጋጅ» አሉኝ፣ «ትከሻህም ሰፊ ነው።»

ዛሬ ጠዋት ሦስታችንም በየራሳችን ሰበብ በጓ ጋ ሄደናል። ደህና ነች፣ ሣር ትግጣለች።